በሬዎቹ ያን ቀን የት ነበሩ?

ይድረስ ጁባ ለሚገኘው ታላቅ ወንድሜ ለኤቢሳ፤

እንደምን ከርመሃል? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጁባ የሚመላለሰው ሚልኬሳ እንደሚያወራው ከሆነ እዚያ ቀትር ላይ በእግር የሚሄድ ሰው የለም፤ ጥላ እንኳ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል ይላል። የእሱን ወሬ ግማሹን ቀንሰን ነው የምንሰማው። ወገብህስ ተሻለህ? ያ የምትነዳው የውሃ ቦቴ ዛሬም መንገድ ላይ እየቆመ ያስቸግርሃል ወይስ ለወጡልህ? ባለቤትህ አመዩስ እንዴት ናት? ነፍሰ ጡር መሆኗን ስንሰማ እማዬ ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር ዋለች፤ እንዳይሰማ የፈለገችው ሰው ቢኖር እንኳ ሰምቷል። እግዚአብሔር በሰላም ይገላግላት።

እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው። ልጄ ጃለኔ አድጋለች፣ ትከሻዬ ጋ ልትደርስ ነው። ከተማችን ጎጆም እንደተውካት ናት፤ ጠዋት ውርጩ ድንቹን ይለበልበዋል፣ ከሰዓት ነፋሱ ይነሣል፣ መንገዱ ዘንድሮም ይሠራል ተብሎ ዘንድሮም አልተሠራም። እኔ አመክሮዬ ተጠብቆልኝ መስከረም ላይ ከአምቦ እስር ቤት ወጥቻለሁ። ይህን ከእማዬ ሰምተሃል። አንተ የላክህልኝ ብርድ ልብስ አብሮኝ ወጥቷል፣ ዛሬም እሱን ነው የምለብሰው።

ደብዳቤውን በአማርኛ የምጽፍልህ የኦሮምኛው ፊደል ቁቤ ሲመጣ አንተ ትምህርቱን ጥለህ በሬ ስለጠመድክ ነው። በፖስታም አላክሁትም፤ በሚልኬሳ እጅ ነው የሚደርስህ። እሱ ማንበብ ስለማይወድ አልሰጋም። አንተም ብቻህን ስትሆን አንብበው።

ትንሽ ሳለሁ ያወጣህልኝን ስም ታስታውሳለህ? ማሊፍ። «ለምን» ከማለት የማላርፍ ስለነበርኩ አባባ ያወጣልኝን ለንሳ የሚለውን ስም ትተህ በኦሮምኛው ለምን ብለህ ጠራኸኝ፤ ሰፈሩም ተከተለህ። አንድ ቀን በሬው አፉ ውስጥ ምንም ሳይኖር ለምን ያኝካል ብዬ ስጠይቅህ ሒሳብ እየሠራ ነው ብለኸኝ፣ እኔም አምኜህ ስንት ጊዜ አጠገቡ ተቀምጬ መልሱን ጠበቅሁ። ይህ ደብዳቤም ጥያቄ ነው፤ ማሊፍ ዛሬም ያው ናት። ጥያቄው ግን በደረቁ ቢቀርብ ይከብዳል። ስለዚህ ዘለህ መጨረሻውን ሳታይ ከመጀመሪያው አንብብልኝ።

ነገሩ የጀመረው አምና መጋቢት ላይ ነው። አምቦ፣ እኛ ሴቶች ወዳለንበት ግቢ፣ ሲስተር ፋንቱ የምትባል ነርስ ከአዲስ አበባ መጣች። ክፉ ነገር ለደረሰባቸው ሴቶች አጭር ሕክምና ልትሰጥ ነው ተባለ። ሕክምና ሲባል ሰው ምን ያስባል? አንዷ የጥርሷን፣ አንዷ የዓይኗን፣ አንዷ የእግሯን ይዛ ተሰለፈች። እጅጌዋን ጠቅልላ የመጣችም ነበረች። ሲስተር መርፌም ክኒንም የለኝም፣ የምሠራው በንግግር ነው ስትል ግማሹ ሰልፍ ወደ ጥጥ ፈተላው ተመለሰ። እኔ ግን ቀረሁ። ታውቀኛለህ፣ መርፌ የሌለው ሕክምና ምን እንደሚመስል ሳላይ እግሬ አይሄድልኝም።

ሲስተር ፋንቱ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። ያደገችው አዲስ ዓለም ስለሆነ ኦሮምኛ አላት፤ ግን የገበያ ኦሮምኛ ነው። ስንት ነው፣ ቀንሺ፣ አልገዛም፤ ከዚህ አያልፍም። በዚህ ደግሞ ሰው ልብ ውስጥ አይገባም። አስተርጓሚ ሲፈለግ ጠባቂያችን እኔን ጠቆመች፤ ስምንተኛ ክፍል መድረሴን ታውቅ ነበር። እኔም እንኳን ተጠይቄ፣ ሳልጠየቅም እገባ ነበር።

ሲስተር እንዲህ ብላ አስረዳችን። ክፉ ቀን ያለፈበት ሰው፣ ቀኑ ማለፉን ጭንቅላቱ ቢያውቅም ሰውነቱ አያውቅም። በር ሲጋጭ ይዘላል፣ የአንድ ነገር ሽታ ሲመጣበት ያልበዋል፣ ሰው ከኋላው ሲቆም እጁ ይንቀጠቀጣል። ያን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀስ ብሎ ከተናገረው፣ ምን አየ፣ ምን ሰማ፣ ምን ሸተተው እያለ በየቦታው ካስቀመጠው፣ ሰውነቱም ያ ቀን ያኔ ነበር፣ ዛሬ አይደለም ብሎ ይቀበላል። ለአንድ ሰው ከስድስት ጊዜ በላይ አያስፈልግም አለች። አዴ ጉዴ የሚሏት፣ ከሁላችንም በዕድሜ የምትበልጠው፣ ዕድሜ ልኬን የተሸከምኩትን በስድስት ቁጭታ ልታወርድልኝ ከሆነ ከወገብ ሕመሜም አንድ ሁለት ቀን ትጨምርልኝ አለች። ይህን አላስተረጎምኩም።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ሲስተር «ያለፈባችሁን ትናገራላችሁ» ስትል፣ ተራ ወሬ እንዳይመስላቸው ብዬ ከበድ ያለ ቃል ፈለግሁና «ዱጋ ባኡ» አልኩ። እውነት ማውጣት፣ መመስከር። ለአፍ ያምራል። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። የካቺሲዋ ድንቅቱ ወዲያው ብድግ አለች። ድንቅቱ በጸሎት ቤታቸው የመዘምራን መሪ ነበረች፤ መመስከር ሲባል እሷ የምታውቀው የእሑዱን ነው። ጉሮሮዋን ጠርጋ መከራዋን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አልፋ ጌታ ግን ረዳኝ፣ ክብር ለስሙ ይሁን አለችና መዝሙር አነሣች። እኛም አጨበጨብን። ሲስተር ፋንቱም ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራን አጨበጨበች። በኋላ ቀስ ብላ ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው ብላ ጠየቀችኝ።

አዴ ጉዴ ደግሞ ነጠላዋን ሰብስባ ልትወጣ ተነሣች። አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ቆሜ ስናገር እዚህ ገባሁ፣ ሁለተኛ ብመሰክር ደግሞ ከዚህ ወዴት ልታስገቡኝ ነው አለች። ተከትያት ወጥቼ እንዲህ ለማለት አይደለም፣ እንዲያ ለማለት ነው እያልኩ ስንተባተብ በራሷ ጊዜ አረመችኝ። ምስክር የሚጠራው ከሳሽ ሲኖር ነው፣ ወይም ደግሞ ደግ ወሬ ብቻ ሲፈለግ ነው አለችኝ። ይቺ ሴትዮ የምትፈልገው ይህን ካልሆነ «አኩማ ተኤቲ ሂሚ» በያቸው። እንደሆነው ንገሪ ማለት ነው፤ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ፣ ለማንም ሳትፈርጂ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃላችን ይህ ሆነ። አዴ ጉዴም ተመልሳ ገባች።

ሁለተኛው ጣጣ ገመዱ ነበር። ሲስተር መጀመሪያ የሚሠራው ነገር አለ አለችን፤ የሰው ዕድሜ እንደ ገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ አንዱ ጫፍ የተወለደበት ነው፣ ሌላው ጫፍ ዛሬ ነው። ክፉ ቀን በነበረበት ላይ ድንጋይ፣ ደግ ቀን በነበረበት ላይ አበባ ይቀመጣል። ገመድ ገዝታ ስትመጣ በር ላይ ያዙባት። ገመድ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ደንብ ነው። እሷም ለምን እንደማይገባ ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠ፣ እንዴት ሳላስበው ብላ በራሷ ተናደደች። ያኔ መቀነቴን ፈትቼ ሰጠኋት። እማዬ የፈተለችው፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ አንተም የምታውቀው ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም በየመቀነቷ ሠራች።

ድንጋይ ግቢው ሞልቶታል። አበባው ግን ከየት ይምጣ? ጓሮ እኛ ከምንተክለው ጎመን በቀር የሚያብብ ነገር የለም፤ ስለዚህ ቢጫውን የጎመን አበባ ቀጠፍን። ድንቅቱ አይታው ደስታችን ሁሉ ጎመን ሆኖ ቀረ ስትል አዴ ጉዴ ጎመን በጤና አለቻትና ሲስተር ሳትቀር ሳቀች። የሰዎቹን ታሪክ አልጽፍልህም፤ ሳስተረጉም የሰማሁትን እዚያው ልተው ቃል ገብቻለሁ፣ የእነሱም ነው። ንገሪ ብላ የፈቀደችልኝን የአዴ ጉዴን አንዱን ብቻ ልንገርህ። ድንጋይ በድንጋይ ደርድራ ጨርሳ አበባ የለኝም አለች። ሲስተር አላስገደደቻትም። ልንነሣ ስንል አንዱን አበባ አንሥታ መሃል ላይ አኖረች። ምንድን ነው ስንላት ከሠርጓ በፊት አንድ ጊዜ አምቦ ፍል ውሃ ገብታ የታጠበችበት ቀን ነው። እስከ ዛሬ ድረስ እንዲያ የሞቀ ውሃ አላየሁም አለችን። እስር ቤቱ ከፍል ውሃው ምን ያህል ይርቃል? ስትገባም ስትወጣም በዚያው አልፋለች።

ብዙ ነገር ተማርኩ፤ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር። የብረቱ በር ጓ ሲል የምንዘል ሴቶች፣ ያን ጊዜ እግራችንን መሬት ላይ ጠበቅ አድርገን «አሁን የት ነኝ?» ብለን ራሳችንን መጠየቅ ለመድን። ውሎ አድሮ መቀላለጃ ሆነ። በሩ ሲጋጭ አንዷ ከወዲያ ጥግ የት ነሽ ትላለች፣ ሌላዋ አምቦ ትላለች፣ ዓመተ ምሕረቱስ ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ ይመልሳል። ጠባቂዋ ሳትቀር አንድ ቀን በሩ ሲጋጭባት አምቦ አለች። መዝለሉ ፈጽሞ አልቀረም፤ ግን የዘለለው ሰው ቶሎ ይመለሳል። እንዴት እንደሚሠራ አሁንም አጥርቼ አላውቅም። ሲስተርን ስንት ጊዜ ጠይቄያታለሁ፣ የመለሰችልኝ ግን ሲገባኝ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። በመጨረሻ አንቺን ነው ሕክምና የሚያስፈልግሽ ወይስ እኔን አለችኝ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ከእኔ ጋር አስተርጓሚ ስለማያስፈልግ ሁለታችን ብቻ ሆንን። አሁን የምጽፈውን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም እኔ ለስድስት ዓመት ያወቅሁትን በመጀመሪያ እንደነበረ ልንገርህ።

ባለቤቴ ተሬፋ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። ታላቅ ወንድሙ ኦቦ ቦጂያ የወንድሜ ሚስት በዳላ ለእኔ ትገባለች ይል ነበር፤ ባሏ የሞተባትን ሴት ወንድሙ ይውረሳት የሚለውን የድሮውን ወግ ይዞ። ሽማግሌ ላከ፣ እምቢ አልኩ። እንደገና ላከ፣ እንደገና እምቢ አልኩ። በጥር ገብሱን አውድማ ላይ ስንወቃ፣ ቀትር ላይ፣ ሽማግሌ ሳያስከትል ብቻውን መጣ። መቀነቴን ይዞ ወደ ቤቱ ይጎትተኝ ጀመር። ከዚያ መንሹ። ከዚያ ኦቦ ቦጂያ ገለባው ላይ ወድቆ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፀጉሬ እብቅ በእብቅ ሆኖ ነው። ማን ነው ሲሉኝ እኔ ነኝ አልኩ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? አንተ በሬዎቹን ውሃ ልታጠጣ ወንዝ ወርደህ ነበር። ለፖሊስም እንዲሁ ነው ያልከው። ፍርድ ቤትም ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ዋሽቼ አይደለም፣ የማውቀው እሱን ስለነበረ ነው።

ሲስተር ፋንቱ ግን አታስቸኩልም። «ከዚያ መንሹ» ስላት ቆይ፣ ከዚያ በፊት ወዳለው ተመለሽ ትለኛለች። ዓይንሽን ሳትጨፍኝ እዚያው ቁሚ። ምን ይሸትሻል? የገብስ አቧራ። ሌላስ? የእሱ ላብ። ሌላስ? የበሬ ትንፋሽ አልኳት። ከየት በኩል? ከኋላዬ፣ አንገቴ ላይ፣ ሙቅ ነው፤ ዳልቻው በሬ እዚያው ቆሞ ያኝካል፣ የጥርሱን ድምፅ እሰማዋለሁ። ሲስተር መነጽሯን አወረደች። «በሬዎቹ ወንዝ ወርደው ነበር አላልሽኝም?» አለችኝ።

ቀጥላ እጅሽ የት ነው አለችኝ። የት እንደነበረ ላስብ ቁልቁል ሳይ እጄ መሬት የዘረጋሁትን መቀነት አንሥቶ ይዞታል። ድንጋዩም አበባውም ተበትኗል። በሁለት እጄ፣ ጣቶቼ እስኪነጡ፣ ሆዴ ላይ ጨምድጄ። መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም። እንዲህ ነበር አልኳት፤ እየጎተተ እንዳይፈታብኝ በሁለቱም እጄ ይዤው ነበር። «መንሹስ?» አለችኝ። «ለመንሹ የሚተርፍ እጅ የለኝም» አልኳት።

ኤቢሳ፣ ያን ስል ራሴን ሰማሁት።

ሲስተር ወዲያው አላመነችኝም፣ አላስተባበለችኝምም። ውሃ ሰጠችኝ፣ እግርሽን መሬት ላይ አድርጊ አለችኝ፣ የት ነሽ አለችኝ፣ አምቦ አልኳት። ከዚያ ተጠንቀቂ አለችኝ። ድንጋጤ ያለበት ትዝታ ቅደም ተከተሉ ይዛባል፤ መጀመሪያ መቀነቱን ይዘሽ በኋላ ለቀሽው ይሆናል፣ የበሬው ትንፋሽም የሌላ ቀን ሊሆን ይችላል። እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ እንዲህ ነው ብዬ ብነግርሽ ሐሰት ነው። ይህን የሚያውቅ የነበረ ሰው ነው አለችኝ። የቀሩትን ጊዜያት በሙሉ በዚያው አውድማ ላይ ተመላለስን። ሌላው ሁሉ ተስተካከለልኝ፤ አሁን ሰው ከኋላዬ ሲቆም እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ከገብስ አቧራም አልሸሽም። በዚህ ወር አውድማችን ላይ ወርጄ ከሰው ጋር ወቅቻለሁ። በሬዎቹና መንሹ ግን እንደዚያው ናቸው። ሁልጊዜ ስመለስ ዳልቻው ከኋላዬ ቆሟል፣ እጄም መቀነቱ ላይ ነው።

ከእስር ቤት ልጽፍልህ አልቻልኩም፣ ደብዳቤ በቢሮ በኩል ስለሚያልፍ። ከወጣሁ በኋላም ዝም ማለት እችል ነበር። ጊዜዬን ጨርሻለሁ፣ ማን ይጠይቀኛል? ግን የሚጠይቅ መጣ። ኦቦ ፈዬራና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከኦቦ ቦጂያ ቤት ጋር ተነጋግረው ከጥምቀት በኋላ የደም ዕርቁ፣ ጉማው፣ እንዲደረግ ወስነዋል። ሚስቱም ልጆቹም እሺ ብለዋል፤ ይህን ለማለት ምን ያህል እንደከበዳቸው አውቃለሁ። ያለ ጉማ ደግሞ ኑሮ አይሆንም። ጃለኔ ከእነሱ ልጆች ጋር ከአንድ ምንጭ አትቀዳም፣ ትምህርት ቤት የምትሄደውም በላይ ዞራ ነው። ትናንት የእነሱ ትንሿ ልጅ ከወንዙ ማዶ ቆማ ለጃለኔ እጇን አውለበለበች፤ ጃለኔ ማውለብለብ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ልትጠይቀኝ ሮጣ መጣች። አውለብልቢ አልኳት። እስክትመለስ ልጅቷ ሄዳ ነበር።

ጉማ እንዴት እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ። ኦቦ ፈዬራ ቁጭ አድርጎ አስረድቶኛል። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በጉ ሳይታረድ፣ እጅም ሳይታጠቡ በፊት ያደረገው ሰው «ይህን ያደረገ የእኔ እጅ ነው» ብሎ በአፉ ይናገራል። ቃሉ እውነት ካልሆነ ዕርቁ አይይዝም፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል አለኝ። አየህ ጭንቄን? እኔ ነኝ ብዬ ተናግሬ እኔ ካልሆንኩ የጃለኔን መንገድ የማስከፍተው በውሸት ነው። አልናገርም ብል ደግሞ ጉማው ይቀራል፣ መንገዱም ተዘግቶ ይኖራል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልጠራጠር ያልኩትን ቃል አሁን ልለውም ልተወውም አልቻልኩም።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው። በሬዎቹ ያን ቀን የት ነበሩ? ወንዝ ወርደህ ነበር ወይስ አውድማው ላይ ነበርክ? መንሹን ማን አነሣው?

ስጠይቅህ ልወቅስህ እንዳይመስልህ። ይህን ለዳኛ አልተናገርኩም፣ ለሽማግሌም፣ ለእማዬም። ያለፈውን ዕድሜዬን መልስልኝ የምልህም አይደለም፤ ብትፈልግም ከየት ታመጣዋለህ? ግን ማሊፍ ነኝና ስለ አንተ ብዙ ለምን አጠራቅሜያለሁ። ወሩ ሳይሞላ ለምን ከአገር ወጣህ? ጓደኞችህ ሁሉ አምቦ መጥተው ሲጠይቁኝ አንተ ለምን አልመጣህም? ሳሙናውና ብርድ ልብሱ ግን ለምን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አልተቋረጠም? ፈርቶ ነው ስል ኖሬያለሁ፣ አፍሮብኝ ነው ያልኩበትም ጊዜ ነበር። አሁን ሌላ መልስ ሊኖር እንደሚችል ሳስብ ለአንተ አዝናለሁ። እኔ ስድስቱን ዓመት ከሴቶች ጋር ስስቅም ሳለቅስም ኖርኩ፤ አንተ ከማን ጋር ነበርክ?

እኔ ከሆንኩ ንገረኝ። አዝናለሁ ግን አልወድቅም፤ የዚያን ቀን ቆሜ የእኔ እጅ ነው እላለሁ፣ እታጠባለሁ። አንተ ከሆንክም ንገረኝ። ያኔ ኦቦ ፈዬራን ለብቻው አማክሬ «የእኛ እጅ ነው» ብዬ እቆማለሁ። ጉማ የቤት ነው፣ የምታጠበውም የቤታችንን እጅ ነው፣ ቃሉም ሐሰት አይሆንም። አንተ ራስህ ልቁም ካልክ ደግሞ ቀኑ እንዲገፋ አስለምናለሁ። በእኔና በእኛ መካከል ያለችውን አንዷን ፊደል ብቻ ነው የምለምንህ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ ከሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። እዚያ አውድማ ላይ ማንም አልደረሰልኝም ብዬ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። ከሰውዬው መሞትም ከእኔ መታሰርም ይልቅ እሱ ነበር የሚያመኝ። አንተ ከነበርክ ግን ሰው ደርሶልኛል ማለት ነው። ድንጋዩን አላነሣውም፣ ሰው ሞቶበታል፣ የልጆች አባት ነው። ግን አጠገቡ አበባ ማስቀመጥ ነበረብኝ፣ አላስቀመጥኩም። ብትነግረኝ አስቀምጣለሁ።

ደብዳቤ መጻፍ ጥርስ ከማስነቀል ይልቅ እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ስለዚህ ከምንልክልህ ቆሎ ጋር መቀነቴን ልኬልሃለሁ፤ ያው አረንጓዴ ጥለት ያለው ነው፣ አጥቤዋለሁ። ሚልኬሳ ከጥምቀት በፊት ይመለሳል። መንሹን ያነሣሁት እኔ ከሆንኩ መቀነቱን እንዳለ መልስልኝ። አንተ ከሆንክ ጫፉን አንድ ጊዜ ቋጥረህ ላከው። ከዚያ በላይ ምንም አትጻፍ። ቋጠሮውን እኔ እፈታዋለሁ። የማልችለው ሳይመለስ የቀረ እንደሆነ ብቻ ነው። መመስከር አትበለው፣ ከሳሽ የለህም። እንደሆነው ንገረኝ።

እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ ጠጉርህን ተቆረጥ፣ አመዩንም ውሃ አታስቀዳት ብላለች። የምትነዳው ውሃ መሆኑን ብነግራትም አልሰማችኝም። ጃለኔ አጎቴን ሰላም በይልኝ ብላ፣ ጁባ ለምን ጁባ እንደተባለ እንድጠይቅላት አዛኛለች፤ ስሙን ወርሳብኛለች መሰለኝ። ድንቅቱ ከወጣች ወዲህ ገበያ ስትመጣ ትጠይቀኛለች፤ ሳታይህ ሰላም ብላሃለች፣ ትጸልይልሃለችም። ኦቦ ፈዬራ ናፍቆሃል። አመዩን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ፣ በሆዷ ላለውም ማሊፍ የምትባል አክስት አለችህ በልልኝ። ዳልቻው በሬም አለ። አርጅቶ ከቀንበር ተሰናብቷል፤ እማዬ አይሸጥም ብላ ጓሮ አስራዋለች። ዛሬ ይህን ስጽፍልህ አጠገቡ ተቀምጬ ነው። አፉ ውስጥ ምንም የለም፣ ግን ያኝካል። ሒሳቡን እንደጨረሰው አውቃለሁ፤ መልሱን የሚነግረኝ ግን አንተ ነህ።

እህትህ ለንሳ (ማሊፍ)
ጎጆ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፳፻፭ ዓ.ም.